ከጉልበት በታች ያለው ሐይቅ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ። ነፋሱ ገና አልተነሳም። የሐዋሳ ሐይቅ ረግቶ ተኝቷል፤ ማዶ ያሉት ተራሮች ጉም ለብሰዋል። እኔ ውሃው ከተማዋን እንዳያጥለቀልቅ ከተሠራው የአፈር ግድብ ሥር፣ ጥቅጥቅ ካለው ፊላ አጠገብ ቁጢጥ ብያለሁ።

ፊት ለፊቴ፣ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ውሃው ጉልበት አይደርስም። ከሥሩ ያለው አሸዋ ላይ አንድ ክብ ጉድጓድ ይታየኛል። ስፋቱ ሰፌድ ያክላል። መሀሉ ጎድጎድ ያለ ነው፤ አሸዋው ላይ ያረፈው አረንጓዴ ዝቃጭ በሙሉ ተጠርጎ ወለሉ ነጭ ሆኗል። በላዩ አንድ ወንድ ቆሮሶ ዓሣ ይዞራል። ግንባሩና አገጩ ሥር ቀላ ብሏል፤ ጅራቱ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። አፉን አሸዋው ላይ ይደፍቃል፣ ጉንጩን ሞልቶ ይነሳል፣ ወደ ጉድጓዱ ከንፈር ሄዶ ይተፋዋል፣ ይመለሳል። አሁንም ይደፍቃል፣ ይሞላል፣ ይተፋል። ሃያ ሰባት ጊዜ ሲመላለስ ቆጠርኩ። ከዚያ ሌላ ወንድ ከግራ በኩል ብቅ አለ። ባለጎጆው ክንፎቹን ዘርግቶ ተወረወረበት፤ ውሃው ፈላ፣ አሸዋው ተነሳ፣ ምንም አልታይ አለኝ። ሲጠራ ባለጎጆው ብቻውን ነበር። ቁፋሮውን ቀጥሏል።

ያደግሁት እዚሁ ከተማ ነው። ልጆች ሳለን እነዚህን ክብ ጉድጓዶች የጉማሬ ዱካ ነው እንባባል ነበር። ጉማሬው ሌሊት ወጥቶ ሣር ሲግጥ አድሮ፣ ጎህ ሳይቀድ ሲመለስ የረገጠው እየመሰለን፣ አንዱን ጉድጓድ ከሌላው እያስተያየን የትኛው የእናት፣ የትኛው የግልገል እንደሆነ እንከራከራለን። የዓሣ ሥራ መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረም። እኔም ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ አንድ ጠዋት ጀልባ ስጠብቅ ቁልቁል አፍጥጬ ቆይቼ ዓሣው ራሱ ሲቆፍር አየሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ሐይቁ ስመጣ ዓይኔ ወደ ማዶ አይሄድም።

ሐዋሳን ሊጎበኝ የመጣ ሁሉ የሚያየው ማዶውን ነው። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳርቻ ቆሞ ጀምበር ስትጠልቅ ፎቶ ይነሳል፤ ጀልባ ተከራይቶ ጉማሬ ፍለጋ ይሄዳል። ማዶው ውብ መሆኑን አልክድም። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ ጥልቅ በሆነበት ቦታ 22 ሜትር ያህል ይወርዳል። ይሁን እንጂ ሕይወቱ በዚህ ሁሉ ስፋት ላይ እኩል አልተበተነም። ብርሃን እስከ ወለሉ የሚደርስበት፣ ፊላና ቄጠማ ሥር የሚሰድበት፣ ውሃው በፀሐይ ቶሎ የሚሞቅበት አንድ ጠባብ መቀነት ሐይቁን ዙሪያውን ታጥቆታል። ዓሣው የሚወለደው፣ የሚያድገው፣ የሚደበቀውና የሚታደነው በአብዛኛው በዚህ መቀነት ውስጥ ነው። መሀሉን የሚሞሉት ዓሦች ልጅነታቸውን ያሳለፉት እዚህ ነው። እንግዲህ እኛ ሐይቁን ስንነካው የምንነካው ይህንኑ ጠርዝ ነው፤ የምንሞላውም፣ የምናጭደውም፣ ቆሻሻ የምንጥልበትም እሱን ነው። ያሳሰበኝ ይኸው ነው።

ጠርዙን ለማየት ግን መቀመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ቆሞ የሚያይ ሰው ዓሣ አያይም፤ ዓሣው ቀድሞ ያየዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ ይታጠፋል። ስለዚህ ከውሃ ሥር ያለ ዓሣ ሽቅብ ሲመለከት የላይኛው ዓለም በሙሉ፣ ሰማዩም ዛፉም ሰውዬውም፣ በአንዲት ክብ መስኮት ውስጥ ተጨምቆ ይታየዋል። የመስኮቷ ስፋት 97 ዲግሪ ገደማ ነው። ከእሷ ውጪ ያለው የውሃ ገጽ ለዓሣው መስታወት ነው፤ መልሶ የሐይቁን ወለል ያሳየዋል። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው በዚያች መስኮት ውስጥ ጎልቶ ይገባል። ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ግን የመስኮቷ ጠርዝ ላይ ተጨፍልቆ ቀጭን ጥላ ብቻ ይሆናል፤ ዓሣውም ከፊላው አይለየውም።

ኮቴም ያጋልጣል። ገበያ ላይ አንድ ቆሮሶ አንስቶ ጎኑን ላየ ሰው፣ ከጉሮሮው ክዳን ተነስቶ ወደ ጅራቱ የሚሄድ የነጠብጣብ መስመር ይታየዋል። መስመሩ መንገድ ላይ ይቋረጥና ዝቅ ብሎ እንደገና ይጀምራል። እነዚያ ነጠብጣቦች ቀዳዳዎች ናቸው፤ ዓሣው የውሃውን ንቅናቄ ሁሉ የሚያዳምጠው በእነሱ ነው። ሰው መሬቱን ረገጥ ረገጥ እያደረገ ከመጣ ንዝረቱ ውሃው ውስጥ ይገባል። በዝግታ መጥቶ የተቀመጠ፣ ከዚያም አሥር ደቂቃ ያልተነቃነቀ ሰው ግን ይረሳል። እኔ ያንን አሥር ደቂቃ በጣም እወደዋለሁ። መጀመሪያ ባዶ የነበረው ውሃ ቀስ በቀስ ይሞላል፤ የሸሸው ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሰዓቱ ጠዋት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ዝቃጩን ያናውጠዋል፤ ውሃው ይደፈርሳል። ፀሐይ ከጀርባ ስትሆን የሰው ጥላ ውሃው ላይ ይወድቃል፣ ከፊት ስትሆን ነጸብራቋ ዓይን ይወጋል፤ ስለዚህ በጎን ትሁን። ፖላራይዝድ መነጽር ያለው ሰው ነጸብራቁን ቆርጦ ወለሉን እንደ ገበታ ያያል። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፤ ደረቅ መሬት ላይ ይቀመጡ እንጂ እግርዎን ውሃው ውስጥ አይንከሩ። በዳርቻው ቅጠል ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ ጠፍጣፋ ቅርፊት ያላቸው ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን ትል ተሸካሚዎች ናቸው። ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በውሃው ውስጥ እየዋኘ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ልጆች ሳለን ይህንንም አናውቅም ነበር።

ወደ ቆሮሶው ልመለስ። ጎጆ ብዬ ጠራሁት እንጂ ነገሩ ጎጆ አይደለም፤ እንቁላል አይታቀፍበትም። የሠርግ ዳስ ቢባል ይቀርበዋል። ወንዱ ዳሱን ይጥላል፣ ይጠርጋል፣ ይጠብቃል። ሴቷ ትመጣለች፣ ዞር ዞር ብላ ታያለች፣ ካልጣማት ወደ ጎረቤቱ ታልፋለች። ከጣማት መሀሉ ላይ ሆና እንቁላሏን በየጥቂቱ ትጥላለች፤ ወንዱ ያዳብረዋል፤ እሷ ወዲያው ዘወር ብላ አንድም ሳታስቀር በአፏ ትለቅመዋለች። ሲያበቃ ትሄዳለች። ወንዱ ዳሱን ጠርጎ ሌላ ሴት ይጠብቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሸክም የእሷ ነው። እንደ ሰውነቷ መጠን ከጥቂት መቶ እስከ ከሺህ የሚበልጥ እንቁላል አፏ ውስጥ ይዛ ወደ ፊላው ትገባለች። እንቁላሉ እንዳይታፈን አፏን እንደሚያላምጥ ሰው እያንቀሳቀሰች ታገላብጠዋለች፤ ንጹሕ ውሃ በላዩ ታሳልፍበታለች። እንቁላሉ እዚያው አፏ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹም ይዘውት የተወለዱትን አስኳል እስኪጨርሱ እዚያው ይቆያሉ። ሁለት ሳምንት በሚጠጋው በዚህ ጊዜ ሁሉ እህል አትቀምስም ማለት ይቻላል። ትከሳለች። አገጯ ሥር ያለው ቆዳ ተወጥሮ ከረጢት ይመስላል፤ ለለመደ ዓይን ከሩቅ ትታወቃለች።

ባለፈው የካቲት አንዷን አገኘኋት። ፊላው ሥር፣ ጥላና ብርሃን በሚቀላቀልበት ቦታ ቆማ ነበር። ከፊቷ ውሃው ውስጥ አንድ ቡናማ ጭጋግ የሚመስል ነገር አለ። ዝቃጭ መሰለኝ። ትኩር ብዬ ሳየው ጭጋጉ ዓይን አለው፤ ከስንዴ ፍሬ የማይበልጡ መቶ ምናምን ጫጩቶች ተጠጋግተው እየተነቃነቁ ነው። በላያችን አንድ ነጭ ሳቢሳ በረረና ጥላው ውሃው ላይ አለፈ። እናቲቱ ወደ ኋላዋ ትንሽ ፈቀቅ አለች፣ ራሷን ዝቅ አደረገች፣ አፏን ከፈተች። ጭጋጉ በሙሉ ወደ አፏ ፈሰሰ። ሁለት ሦስት ሰከንድ አልፈጀም። አንድ ጫጩት ቀረ፤ ግራ ተጋብቶ ዞረ፤ እሷም ቀረብ ብላ ሳበችው። ከዚያ አፏን ገጥማ፣ ምንም እንዳልያዘ ዓሣ፣ ፊላው ውስጥ ገባች። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ ነገርኩ።

ቆሮሶ በሐዋሳ ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ ይራባል፤ የሚበረታው ግን ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት ወራትና በክረምት ነው። ሲያድግ የሚበላው ደግሞ በዓይን የማይታየውን፣ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ደቃቅ እፅዋት ነው። ይህ እፅዋት ለብዙ እንስሳት አይፈጭም፤ ግድግዳው ጠንካራ ነው። የቆሮሶ ሆድ ግን እጅግ የበረታ አሲድ ያመነጫል፣ በዚያም ይሰብረዋል። ፀሐይ ውሃውን ታለመልማለች፣ ዓሣው ልምላሜውን ይበላል፣ ሰው ዓሣውን ይበላል። ከፀሐይ እስከ ገበታችን ድረስ መሀል ላይ ያለው አንድ አፍ ብቻ ነው። ቆሮሶ ብዙ የሆነውም፣ ርካሽ ሆኖ የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

በሐይቁ ውስጥ ያሉት የዓሣ ዓይነቶች ስድስት ብቻ ናቸው። ሦስቱን ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ገበያ ይወጣሉ። ሦስቱን ግን ማንም አይጠራቸውም፤ ከጣት የማይረዝሙ ስለሆኑ ድስት አይገቡም። ለእኔ የጠርዙ ጌጦች እነሱ ናቸው። አንደኛዋ ከውሃው ገጽ ሥር ሥር ትሄዳለች። አካሏ ግልጽ ከመሆኑ የተነሳ አይታይም፤ ዓይኗ ግን ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ሰማያዊ ዶቃ ብልጭ ይላል። መንጋቸው ሲዞር ብልጭታ ብቻ ነው የሚታየው፤ ዓይኖች ብቻቸውን የሚዋኙ ይመስላል። ሁለተኛዋ ድንጋይ ወዳድ ናት። አገጯ ሥር ባለው ክብ መምጠጫ ድንጋዩን ይዛ ማዕበል ሲመታት አትነቃነቅም። ሦስተኛዋ ብርማ ቀለም ያላት የቢልጫ ታናሽ ዘመድ ናት፤ በመንጋ ትጓዛለች፣ የሁሉም ምሳ ናት።

አምባዛን በቀን ማየት ዕድል ይጠይቃል። በክረምቱ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ዳርቻውን አጥለቅልቆ ሣሩ ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ ሊራባ ወደ ጥልቀት አልባው ቦታ ይወጣል። ያኔ ሣሩ ያለ ነፋስ ሲወዛወዝ ይታያል። ከስምንቱ የአፉ ሪዞች ጋር ጠፍጣፋ ራሱን ብቅ አድርጎ አየር ይስባል፤ ከጉሮሮው በላይ ባለ ክፍል ውስጥ ከአየር ኦክስጅን የሚወስድበት እንደ አበባ ጎመን የተተፈተፈ አካል አለው። ውሃው ቢጎድልበት ጭቃ ላይ እየተጎተተ ወደ ሌላ ኩሬ ይሻገራል። የቆሮሶ ጫጩቶች ጠላትም እሱ ነው፤ እናቲቱ አፏን የምትዘጋው ለአሞራ ብቻ አይደለም።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ወፎቹ ተራቸውን ይይዛሉ። ጥቁርና ነጭ ቀለም ያለው ዓሣ አዳኝ ወፍ ከውሃው በላይ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ክንፉ ይርገበገባል፣ ራሱ ግን በምስማር የተመታ ይመስል አይነቃነቅም። ከዚያ ምንቃሩን አስቀድሞ ይወድቃል። ዓይናማዎቹ ትናንሽ ዓሦች የእሱ ቀለብ ናቸው፤ ትናንሾቹን እዚያው እየበረረ ይውጣቸዋል። ነጭ ራስና ነጭ ደረት ያለው የዓሣ ንስር ግን ረጅም ሰዓት ዛፍ ላይ ይቀመጣል፤ ድምፁን አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲያሰማ ሐይቁ በሙሉ ይሰማዋል።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው በተንሳፋፊ ቅጠሎች ላይ የሚራመደው ደረተ ነጭ፣ ክንፈ ቀይ ቡናማ ወፍ ነው። የእግሩ ጣቶች ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅሞች ናቸው፤ ክብደቱን ስለሚያከፋፍሉለት ቅጠሉ ከሥሩ ሲጎነበስ እንጂ ሲሰምጥ አይታይም። በዚህ ወፍ ዘንድ ሴቷ እንቁላሉን ትጥልና ወደ ሌላ ወንድ ትሄዳለች፤ የሚታቀፈውም የሚያሳድገውም አባትየው ነው። አንድ ቀን አንዱን ስመለከት ከብብቱ ሥር ስድስት ቀጫጭን እግሮች ተንጠልጥለው አየሁ። አመመው እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ሦስት ጫጩቶቹን ክንፎቹ ሥር ሸጉጦ ተሸክሟቸው እየሸሸ ነበር። ከጎኑ ዳሱን የሚጥለው ቆሮሶ፣ ከሱ ፈንጠር ብሎ ልጆቿን አፏ ውስጥ የያዘችው እናት፣ እዚህ ደግሞ ብብቱ ሥር የሸሸገው አባት። ሁሉም ለልጅ እየደከመ ነው። ሁሉም የሚደክመው ደግሞ በዚያው በአንድ ዘንግ ስፋት ውስጥ ነው።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ተነስቼ ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል ሄድኩ። ጀልባዎቹ ገብተዋል። ማታ የተጣለው መረብ ሌሊቱን አድሮ ጎህ ሲቀድ ተስቧል፤ አሁን አጥማጆቹ ዳር ላይ ተቀምጠው ከመረቡ ዓይን ዓሣ ይፈታሉ። ልጆች ቢላ ይዘው ቆዳውን በአንድ ምት ገፈው ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ፤ ፍጥነታቸው ለዓይን አይያዝም። ከኋላ መጥበሻው ይንጫጫል። ሾርባ የሚጠጣ አለ፤ ጥሬውን በዳጣና በሎሚ የሚበላ አለ። በዛፎቹ ላይ ጉሬዛዎች ጥቁርና ነጭ ካባቸውን አንጠልጥለው ቁልቁል ያያሉ።

አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች ግን ከሰው ጋር ተሰልፈዋል። ከልጅ የሚረዝሙ፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርሱ ናቸው። ስማቸውን ያወጣላቸው ሰው ዓይኑ የተባረከ ነበር፤ አንገታቸው ሥር የተንጠለጠለው ከረጢት በእርግጥ ኮዳ ያንጠለጠለ መንገደኛ ያስመስላቸዋል። ብዙ ሰው ግን እዚያ ውስጥ ምግብ ያጠራቅማሉ ብሎ ያስባል። አያጠራቅሙም፤ ከረጢቱ በአየር የሚነፋ ነው፣ ለፍቅር ማሳያና ሙቀት ለማስወጣት ያገለግላቸዋል። ነጭ የሚመስለው እግራቸውም በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው። ኩሳቸውን እግራቸው ላይ ይጥላሉ፤ እርጥበቱ ሲተን ደማቸውን ያበርድላቸዋል፣ የቀረው ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ራሳቸውና አንገታቸው ላባ ያጣው፣ በድን ውስጥ ሲገቡ ደም እንዳይጣበቅባቸው ነው። ሰው ይጸየፋቸዋል። እኔ ግን ዳርቻው ላይ የሚጣለውን አንጀትና አጥንት ማን ያነሳው ነበር እያልኩ አያቸዋለሁ።

አንድ ዕድሜው ሃምሳውን ያለፈ አጥማጅ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰላምታ ተለዋወጥን። እጁ ሳያቋርጥ ዓሣ ይፈታል። ከመረቡ ያወጣት አንዲት ሴት ቆሮሶ መዳፉ ላይ አፏን ስትከፍት ከማሽላ ፍሬ ያነሱ ቢጫ እንቁላሎች ጉልበቱ ላይ ፈሰሱ። አብዛኞቹ መረብ ሲይዛቸው ይተፉታል፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቀችም። ሁለታችንም ዝም አልን።

«ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነቷን ስታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?» አልኩት።

«ምን ይደረጋል ልጄ። በሕይወት ባገኛት እመልሳት ነበር። ሌሊት ነው የያዛት፤ እኔ ስደርስ አልቃለች።» ትንሽ ቆይቶ ጨመረ፦ «ድሮ እኛ መረብ የምንጥለው ወደ ውስጥ ገብተን ነው። አሁን ወጣቶቹ ፊላው አፍ ላይ ነው የሚጥሉት። ነዳጅ የላቸው፣ ጀልባ የላቸው። እዚያ ያለው ደግሞ ይሄ ነው፤ እናትና ልጅ።»

ይህ አባባሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። በአገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ዓሣ ሲጠመድ ሀብቱ እንዳይጠፋ ለመጠበቅ ነበር። የጠበበ ዓይን ያለው መረብ ገና ያልወለደውን ይይዛል። ፊላው አፍ ላይ የተጣለ መረብ ደግሞ ዓይኑ ቢሰፋም ልትወልድ የምትመጣውን ይይዛል። በጾም ወራት የዓሣ ፍላጎት ይንራል፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ ቆሮሶው በብርቱ ከሚራባባቸው ወራት ጋር ይገጣጠማል። ወጣቱን ብቻ መውቀስ አይገባም። መሀል ለመግባት የሚያስችል ጀልባ የሌለው ሰው ያለው ምርጫ ጠርዙ ነው። ጀልባ ቢያገኝ፣ በመራቢያ ወራት ከፊላው ዳር የሚያርቀው ሌላ ገቢ ቢኖረው፣ መረቡን ይዞ ይወጣ ነበር።

ችግሩ ከመረብም ያልፋል። ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አንድ ብቻ ነው፤ ጥቁር ውሃ። የሚወጣ ወንዝ የለም። እንዲህ ሆኖ ሳለ ውሃው እንደ ጎረቤቶቹ እንደ ሻላና አብያታ ጨዋማ አልሆነም፤ ከሥር ወደ መሬት ውስጥ ስለሚሰርግ ነው። ጨው መውጫ አገኘ ማለት ነው፤ ላስቲክና ደለል ግን በዚያ መውጫ አያልፉም። ከከተማው ጎርፍ ጋር የገባው ሁሉ እዚሁ ይቀራል፣ የሚቀረውም መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ነው። በስተምሥራቅ ጨለለቃ የሚባል ትንሽ ሐይቅ ነበር። ከተራራው የሚወርደውን አፈር አጣርቶ ጥቁር ውሃን ጠራ አድርጎ የሚልክ ወንፊት ነበር። ደለል ሞላው፤ ዛሬ ረግረግና ማሳ ሆኗል። ወንፊቱ ሲሞላ አፈሩ ወደ ዋናው ሐይቅ ቀጠለ። ደቃቅ ጭቃ የቆሮሶውን ዳስ ይሸፍናል፤ ፀሐይንም ከወለሉ ይጋርዳል።

ፊላው ደግሞ ይታጨዳል፣ ይቃጠላል፣ ድንጋይና አፈር ይደፋበታል። ለዓይን ጥሩ እይታ ይከፈታል፤ ግን እናቲቱ ቆሮሶ ጫጩቶቹን ይዛ የምትገባበት ቤት ይፈርሳል። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫውን ፊቼ ጫምባላላን የሚያከብርበት ጉዱማሌም የሚገኘው እዚሁ ሐይቅ ዳር ነው። ሰው ለደስታውም ለእንጀራውም ወደዚህ ጠርዝ መምጣቱ አይቀርም፤ መምጣቱም ክፋት የለውም። የምለምነው ከመንገዱ እስከ ውሃው ያለው ሁሉ እንዳይጸዳ ነው። በየመቶ እርምጃው አንድ የፊላ ጥግ ሳይነካ ቢተው፣ ማንም ሰው ከሐይቁ እይታ ምንም አይጎድልበትም።

በማግሥቱ ተመልሼ ሄድኩ። ሰዓቱ ያው፣ ቦታው ያው። ዳሱ አለ። ሌሊት አንዲት ጀልባ ተጎትታ ወጥታ ኖሮ ሥሯ በአሸዋው ላይ ያሰመረው ቦይ በዳሱ ጫፍ አልፏል፤ በአንድ በኩል ያለው ከንፈር ፈርሷል። ወንዱ ቆሮሶ የፈረሰውን ወገን ይዞ ይሠራል። ይደፍቃል፣ ይሞላል፣ ይተፋል። ቁጢጥ አልኩ። አሥሩ ደቂቃ አለፈ። ዓይናማዎቹ ተመለሱ፤ ከእነሱ በታች ብርማዎቹ አለፉ። ከፊላው በኩል ቀለሟ የደበዘዘ፣ ከእሱ አነስ ያለች ሴት ብቅ አለች።

ወንዱ ቁፋሮውን ትቶ ወደ እሷ ሄደ፣ ቀለሙ ደመቀ፣ ጎኑን አሳይቶ ወደ ዳሱ ተመለሰ። አልተከተለችውም። እንደገና ሄደ፣ እንደገና ተመለሰ። በሦስተኛው ከኋላው መጣች። መሀሉ ላይ ተጠማዝዘው ዞሩ፤ እሷ ቆመች፣ ሆዷን አሸዋው ላይ አስነካች። ከዚያ ዘወር ብላ አፏን ወደ ወለሉ ደፋች። ከእኔ በስተግራ አጥማጆች እየተጠራሩ ጀልባ ወደ ውሃ ይገፋሉ፤ ንዝረቱ እግሬ ሥር ደረሰ፤ ትንሽ ማዕበል መጥታ ዳሱን ነቀነቀች። ሴቷ አልሸሸችም። እየለቀመች ነበር። ሲበቃት ቀና አለች፤ አገጯ ሥር ያለው ቆዳ ወፈር ብሏል። ቀስ ብላ በአሸዋው ላይ፣ በቦዩ ላይ፣ በሰመጠ የላስቲክ ጠርሙስ ላይ አልፋ ፊላው ውስጥ ገባች። ወንዱ አንዴ ዞረ፣ አንዴ ቆመ፣ ከዚያ አፉን አሸዋው ላይ ደፈቀ።